ሁለት ጭረት ለአረንጓዴ

ድሬዳዋን በቀትር ያላየ ሰው ጸጥታ በሌሊት ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። በእኛ ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛ ነበር። በከዚራ ሰፈር ከጥላው ዛፎች ሥር ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ የመጋላ ሰፈር ሱቆች ተከርችመው፣ የየቤቱ ቆርቆሮ ብቻ በሙቀቱ እየተሳሳበ ይንቋቋል። እኛ በየእሑዱ የምንሰበሰበው በዚያ ሰዓት ነበር። አገር ሁሉ ሲተኛ የማይተኛ ወይ ሌባ ነው ወይ የሬዲዮ በሽተኛ። እኛ ሁለተኛዎቹ ነበርን።

አራት ነን። ቤቱ የአንድ አርመናዊ ሽማግሌ ነው፤ በሥራ ቀን ሬዲዮና ሰዓት ይጠግናሉ፣ እሑድ የጓሯቸውን የቆርቆሮ ዳስ ይለቁልናል። ሁለተኛው ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የሚያመላልስ ሶማሌ ነጋዴ ነው፤ የተበላሸ ሬዲዮ ከነአቧራው ይዞልን ይመጣል። ሦስተኛው የባቡር ጣቢያው ቴሌግራፈኛ፣ የልብ ጓደኛዬ። አራተኛው እኔ፣ በዚያው ጣቢያ የምልክት ፋኖስ ሠራተኛ።

ትራንዚስተር የሚባለው ገና አልደረሰንም። ሬዲዮ ማለት በአምፖል የሚሠራ፣ የልብስ ሣጥን የሚያክል ነገር ነው። አንዱ ሲሞት ሆዱ ይከፈታል፤ ከዚያ የሚወጣው ለአንዱ ባይፈለግ ለሌላው ይፈለጋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የማንፈልገውን ይዘን መጥተን ጆንያ ላይ እንዘረግፈዋለን። ደንባችን አንድ ነው፤ ስሙና ልኩ ያልተጠራ ዕቃ ከጆንያው አይነሳም። «አንባቢ» የምንለው ሰው አንድ በአንድ እያነሳ ምን እንደሆነ፣ ጉልበቱ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የሚያስፈልገው «የኔ» ይላል፤ ሽማግሌው በመለኪያቸው ያረጋግጣሉ። መሸጥ የለም፣ መለመን የለም። አንባቢው እኔ ነበርኩ፣ በዚህም አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጆንያው ላይ ከሁሉ የሚበዛው ሬዚስታንስ የምንለው፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታ፣ የጣት አንጓ የሚያክል ቁራጭ ነው። ጉልበቱ የሚታወቀው በላዩ በተቀቡት የቀለም ቀለበቶች ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወርዳቸዋለሁ። ቀለሞቹን ግን አላያቸውም። ቀይ፣ አረንጓዴና ቡኒ ለእኔ አንድ ናቸው፤ ሦስቱም የደረቀ ጭቃ ይመስሉኛል። ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ።

የሬዲዮውስ ይሁን፣ ጨዋታ ነው። እንጀራዬ ግን ፋኖስ ነው። ቀዩን ለቁም፣ አረንጓዴውን ለእለፍ ለይቶ የሚሰቅል ሰው ቀይና አረንጓዴ አይለይም ቢባል በዚያው ቀን ይባረራል፤ መባረርም ይገባዋል። እዚያ ሥራ ላይ የገባሁት ሌላው ሰው ሲታመም ለጊዜው ተብዬ ነው፤ ጊዜው አምስት ዓመት ሆነ። ቤት ውስጥ እናቴና ሦስት እህቶቼ የኔን እጅ ያያሉ። ልናገር እያልኩ ወደ አለቃዬ በር ስንት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ።

የሚያውቀው ያ ቴሌግራፈኛ ብቻ ነበር። ገና በመጀመሪያው ወር ቀይ ፋኖስ አቀብለኝ ብሎኝ አረንጓዴውን ሰጠሁት። ፋኖሱን አየ፣ እኔን አየ። አልጮኸም። የቀንድ እጀታ ያላትን ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ የፋኖሶቹን መያዣ እንጨት ጫር ጫር አደረገው።

«ቀይ አንድ፣ አረንጓዴ ሁለት። በአውራ ጣትህ ዳብሰው። ቡኒ የሚባል ነገር ከገጠመህ ሦስት።»

«ለሰው እንዳትናገር» አልኩት።

«አቦ፣ ለማን ነው የምናገረው?»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል። ሁላችንም ያመጣነውን ተቀብሎ ጆንያው ላይ የሚዘረግፈው እሱ ነው፤ እየደረደረ፣ ወሬ እያወራ፣ በዚያች ሰንጢ ከቀለበቶቹ ጎን ጎን ይጭራል። እኔ ደግሞ እንደ ሊቅ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ በአውራ ጣቴ እያሻሸሁ ልኩን እጠራለሁ። ሽማግሌው ይለኩና «ልክ ነው» ይላሉ። ነጋዴው «ወላሂ ጂን አለህ» ይለኛል። ጓደኛዬ ከጎኔ ባዶ የሻይ ሣጥን ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። በእሱ ድካም የምመሰገነው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም።

በክረምቱ መውጫ ወባ ጣለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ። ለቅሶ ቤት እናቱ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና አልጋውን አሳዩኝ። በትኩሳቱ መሀል ሰንጢዬን ካልሰጣችሁኝ ብሎ አስቸግሮ ነበር አሉ። ቢሰጡት የአልጋውን እንጨት ሲጭር አደረ። አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት፤ እስከ ራስጌው ድረስ።

«ሰንጢውን ከዚያ ወዲያ ፈልገን አጣነው» አሉኝ። «እጁ ላይ ነበር፤ ሲገንዙት ግን የለም።»

የአልጋው ጭረት ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ነበር። አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነበርኩ።

ከሞተ በሁለተኛው እሑድ እናቱ የላኩትን ሣጥን ከፈትን። የእሱ የማይፈለጉ ዕቃዎች ናቸው፤ በደንባችን መሠረት ለሦስታችን መከፋፈል አለባቸው። እያንዳንዷ ቁራጭ ተጭራለች። ይኼ አልገረመኝም፤ በሕይወቱ እያለ ያዘጋጀው ነው። አነበብኩ፣ ሽማግሌው ለኩ፣ ልክ ነበር። የሻይ ሣጥኑ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

በሦስተኛው እሑድ ነጋዴው በጠዋቱ ባቡር የገባ አንድ ትልቅ ሬዲዮ አመጣ። ጀርባው በዝገት ተጣብቆ ነበር፤ እኛው ፊት በመፍቻ ታግለን ከፈትነው። ከተሠራ ጀምሮ ሰው እጁን ያላስገባበት ነው፤ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። ሽማግሌው ሬዚስታንሶቹን ቆርጠው ቆርጠው ጆንያው ላይ ጣሏቸው። ዛሬ መጨረሻዬ ነው፤ እሳሳታለሁ፤ ሽማግሌው ያውቁብኛል፤ ወሬው እስከ ጣቢያው ሁለት ቀን አይፈጅበትም። የመጀመሪያዋን አነሳሁ። አውራ ጣቴ ሁለት ጭረት አገኘ።

ደግሜ ዳበስኩ። ቆርቆሮው ከላያችን ቋ አለ።

«ምነው፣ ጠፋብህ?» አለ ነጋዴው።

ልኩን ጠራሁ። ሽማግሌው ለኩ። ልክ ነበር። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ተጭረዋል። ሽማግሌው አንዷን ከእጄ ወሰዱና የሰዓት መጠገኛ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይኼ ጭረት ትኩስ ነው» አሉ። «አቧራው ላይ ነው የተጫረው። ኪስህን አሳየኝ እስቲ።»

ኪሴን ገለበጥኩ። መሐረብና የቤቴ ቁልፍ ብቻ። ነጋዴው ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው። ሽማግሌው በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ዕቃ እንደሚያመጡ፣ እኔም እንዳነብላቸው ነገሩኝ። ፈተና መሆኑን ሦስታችንም አውቀናል።

በአራተኛው እሑድ ያመጡት ከባሕር ማዶ በሰም ወረቀት ታሽጎ የመጣ፣ ለጥገና የማይሆናቸው አዲስ ፓኬት ነው። ፊቴ ቀደዱት። አንዷን በራሳቸው ጣት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ዳበስኳት፣ አንድ ጭረት አለ፤ ግን በጣም የሳሳ፣ ደግሞ የተንቀጠቀጠ። ጠርቼ ሳበቃ ሽማግሌው መለኪያቸውን አላነሱም። ዕቃዋን ተቀብለው በመነጽሩ አዩና አማተቡ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ያለፈው ሳምንት ጭረት ጥልቅ ነበር። የዛሬው እንዲህ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ደክሞታል።»

ይህን ሲሉ ከጎኔ ያለው ባዶ የሻይ ሣጥን ሲጥ አለ፤ ሰው ክብደቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲያዛውር እንደሚለው። ምናልባት ሙቀቱ ነው። ነጋዴው ቁርኣኑን በከንፈሩ እየቀራ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ፀሐዩ እስኪበርድ ሳልጠብቅ፣ በባዶው የከዚራ መንገድ መሀል ለመሀል ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ሦስት ጊዜ ዞሬ ስላየሁ እርግጠኛ ነኝ።

በዚያ ሳምንት አሮጌዎቹ ፋኖሶች በአዲስ ይቀየራሉ ተባለ። አዲሶቹ በምስማር በተመታ ሣጥን መጡ፤ ከፍተህ አዘጋጅ ተብዬ በቀትር መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ክዳኑን በጉጠት አነሳሁ። ገለባው ውስጥ ሁለት ፋኖስ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ለእኔ አንድ ዓይነት፣ የደረቀ ጭቃ። አሮጌዎቹን ከነጭረታቸው ወስደዋቸዋል። ማታ በጅቡቲው መስመር ከሽንሌ በኩል ባቡር ይገባል፤ ሰው የጫነ። በዚያች ደቂቃ በጭረቱ መኖር ልደሰት ይሁን በጭረቱ አለመኖር አላወቅሁም። እጄን ሰደድኩ።

አንደኛው መያዣ ላይ ሁለት ነበር። ጭረት ማለት ይከብዳል፤ በጥፍር የተፋቀ ያህል ነው። የመጀመሪያው ደህና ጀምሯል፣ ሁለተኛው መሀል ላይ ቆሟል። እስከ ጫፍ አልደረሰም።

ገለባው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ፈርቼ አይደለም፤ ፍርሃቱስ አብሮኝ ከርሟል። አፈርኩ። ሰው ሞቶም ከእኔ ሥራ አላረፈም። ቆሞ ያገለገለኝ አልበቃኝ ብሎ ከመቃብር እየጠራሁ አሠራዋለሁ፤ የምጠራውም በዝምታዬ ነው። ፋኖሶቹን አንጠልጥዬ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ከቀትር እንቅልፋቸው ገና መነሣታቸው ነበር።

«ጌታዬ፣ የትኛው ቀይ እንደሆነ አላውቅም» አልኩ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። በአምስት ዓመት ስንት ባቡር እንዳለፈ እያሰቡ መሆን አለበት። «ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ስትሠራ ኖርክ?» አሉኝ።

«ሰው ይነግረኝ ነበር።»

«ማን?»

ስሙን ጠራሁላቸው። እሱማ ከሞተ ወር አለፈው አሉ። አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቁኝም። እስከ ማታ ሌላ ሰው ፋኖሱ ላይ ተመደበ። እኔን ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር፤ በገዛ እግርህ በመምጣትህ ነው ብለው ከቁጣቸው ጋር ወደ ዕቃ ክፍል ጣሉኝ፣ ጆንያ ተሸካሚ አድርገው። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እህቶቼን ከትምህርት ቤት የማስቀረት ወሬም ተነሥቶ ነበር። ቢሆንም በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ሲያፏጭ ሰምቼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ነጋዴው «አቦ፣ እኔማ ያልበሰለ ቲማቲም መርጠህ ያስገዛኸኝ ቀን ጠርጥሬያለሁ» አለ። ሽማግሌው አልሳቁም። ዕቃውን ጆንያው ላይ ዘረገፉና «አንብብ» አሉኝ። አንዷን አነሳሁ። በአውራ ጣቴ አዞርኳት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ምንም የለም። ጆንያው ላይ ያለውን ሁሉ ዳበስኩ፤ ሁሉም ለስላሳ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ያን ቀን ነው የሞተብኝ።

«ይቺ ምን ቀለም ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቀይ» አለ ነጋዴው፣ ጠጋ ብሎ።

በአርባው ተዝካር እናቱ ቤት ሰው ሲበተን ለብቻዬ ጠሩኝ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ። የቀንድ እጀታዋ ሰንጢ ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሱን ለድኻ ሊሰጡ ሣጥኑን ሲከፍቱ፣ መቶ ጊዜ የፈለጉበት ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ ተቀምጣ አገኟት። ከፈትኳት። እኔ የማውቃት ሰንጢ ስለቷ ሁለት ጣት የሚሰፋ ነበር። አሁን ከሽቦ አትወፍርም፤ ተበልታ ተበልታ አልቃለች፤ ጫፏም የለም።

«በጤናው ጊዜ እንዲህ አልነበረችም» አሉኝ። «አንተ ጓደኛው ነህ። ልጄ ይህን ያህል ምን ሲቆርጥ ነው የኖረው?»

ላለመመለስ ብዙ ማለት እችል ነበር። ለአለቃዬ ያልከበደኝ ለእሳቸው ከበደኝ። ሆኖም ሰንጢዋን አጥፌ በሁለት እጄ መለስኩላቸውና ነገርኳቸው።

«ለእኔ ነበር፣ እማማ» አልኩ። «ይብቃህ፣ አሁን ዕረፍ እስክለው ድረስ።»