በአንድ መብራት የመጣችው ካሚዮን

ንፋስ መውጫ የጋዜጣ ወኪል ሆኜ ስሠራ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ባላምባራስ ነበሩ። በጠላት ዘመን በአርበኝነት ሲዋጉ ጭናቸው ላይ ቆስለው፣ አንዲት የእንግሊዝ ጦር ካሚዮን ጭና ሐኪም ዘንድ አድርሳቸዋለች። ይህን የሚክድባቸው አልነበረም። የሚሣቅባቸው ካሚዮኗ በአንድ መብራት ብቻ ትሄድ ነበር ሲሉ ነው።

«ባላምባራስ፣ ያቺ አንድ ዓይናዎ ደኅና ናት?» ይሏቸዋል ጠጅ ቤት።

«ጠቅሳዎት ይሆናል እንጂ!» ይላል ሌላው።

«እናንተ ያኔ የት ነበራችሁና?» ብለው ብርሌያቸውን ያነሣሉ። ሣቁ ግን ያንገበግባቸው ነበር። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ «መብራቷን ካላመኑኝ ነገ ቁስሉንም ውሸት ነው ይሉኛል» አሉኝ።

የእኔ ሥራ ማጣራት ነው። አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ፒያሳ ካለ አንድ የመጻሕፍት መደብር፣ በዚያ ጦርነት የነበረችን የእንግሊዝ ካሚዮን አሳንሰው ገጣጥመው የሚሠሩበት የፕላስቲክ ዕቃ በካርቶን ታሽጎ አገኘሁ። ካርቶኑ ላይ የተሣለችው መኪና አንደኛው መብራቷ ጥቁር ተቀብቷል። ሌላው ቆርቆሮ ተከድኖበት በቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያበራል። አውሮፕላን ከላይ እንዳያያት ነው። ባላምባራስ ልክ ነበሩ።

ካርቶኑን ሳሳያቸው በጣታቸው መብራቱን ነካ አድርገው «ሥራት» አሉኝ።

ሠራኋት። ከስንዝር አትበልጥም። አረንጓዴውን ቅብ ቀብቼ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ቡናማ ቀለም በላምባ አቅጥኜ፣ ሻይ እስኪመስል ድረስ፣ በላይዋ አሳለፍሁ። ቀጭኑ ቀለም በየመጋጠሚያው ሲቀር ሌላውን በጨርቅ ጠረግሁት፤ ሲደርቅ ደግሞ ደገምሁት። የፊት መስታወቷ ተሰንጥቆ ስለመጣ የተበላሸ የፎቶግራፍ ፊልም ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁ። ጥቁሩ ተፍቆ ጥርት ሲል በምላጭ ቆርጬ ገጠምሁላት።

ባላምባራስ በየቀኑ እየመጡ ይቆጣጠሩኝ ነበር። «ጭቃ ጨምርባት» ይላሉ። «ያን ለት ታጥባ አልመጣችም።»

የጃንሆይ ልደት ሲደርስ ባውራጃው አዳራሽ የአርበኞች ዕቃ እንዲታይ ተባለ። ጎራዴ መጣ፣ ጋሻ መጣ፣ ካሚዮኗም ከባላምባራስ ሜዳይ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ቤተ ልሔም ደብር የተማሩ አንድ ሠዓሊ መሪጌታ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሲሰቅሉ ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ኧረ ይህችስ ይሁዳ ናት!»

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ኃጥእ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ያደገ ነውና ያውራጃው ጸሐፊ ደነገጠ።

«በጃንሆይ ልደት የይሁዳ ምልክት? ጋዜጠኛው፣ በል ሁለተኛውን ዓይን ቀባላት። ነጭ ጠብ ማድረግ ነው።»

«አልቀባም» አልሁት።

«ለምን?»

«አልነበራትም።»

«ባይኖራትስ! ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቃሉ።» ባላምባራስን አሳየሁት። ግድግዳ ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

ጸሐፊው ከእኔ ጋር መከራከሩን ተወና ካሚዮኗን ራሱ አንሥቶ ጎኗን ወደ ተመልካች አድርጎ አስቀመጣት። የጠፋው መብራት ወደ ግድግዳው ሆነ። «ይኸው፣ ተገላገልን» አለ።

ባላምባራስ በከዘራቸው እያነከሱ መጡ። «ጌታው፣ ይሁዳ ያደረጓት አሁን ነው! መሪጌታ፣ እስቲ ይንገሩን፤ በጎኑ የሚሣለው ማን ነው?»

መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ። «ኃጥኡ ነው። እውነትዎን ነው፣ ባላምባራስ።»

«እንግዲያው ፊቷን ወደ ሕዝብ ታዙር። ቁስለኛ ጭና የመጣች ናት፤ ምን አድርጋ ትሸሸጋለች?»

አዞሯት። ጸሐፊው እንግዳ ተቀብሎ ሲመለስ ደግሞ በጎን አደረጋት። እሳቸው መልሰው አዞሯት። ለሦስተኛ ጊዜ ሊነካት እጁን ሲዘረጋ ከዘራቸውን በጠረጴዛው ላይ አጋደሙበት።

«ይሞክሯት» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ጸሐፊው እኔን አየኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁና እርሳሴን መቅረጽ ጀመርሁ። እጁን መለሰ።

በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲገባ ከፊት የመጡት የጠጅ ቤቱ ሰዎች ነበሩ። «ጠቅሳዎት ይሆናል» የሚለው ሰውዬ ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጭቃዋን አየ፣ የተከደነውን መብራት አየ፣ ጥቁሩን አየ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ሁለተኛው መብራትስ፣ ባላምባራስ?»

«ጠፍቷል አላልኋችሁም?»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ለካሚዮኗ ይሁን ለሳቸው አላወቅሁም፤ ስለዚህ በጋዜጣው ላይ «ባርኔጣውን አወለቀ» ብቻ ብዬ ጻፍሁ። ባላምባራስ ግን ወንበር ብናመጣላቸው አልተቀመጡም። በዚያ ቁስለኛ እግራቸው፣ አዳራሹ እስኪዘጋ፣ አጠገቧ ቆመው ዋሉ።