የታመሙት አክስቴ

አሮዋና የሚባለውን ወርቃማ ዓሣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ለሶፋ ባጠራቀምኩት ብር ነው። ዓሣው ሙቀት ይወዳል፤ ሮቤ ደግሞ ብርድ ናት። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ የገንዳው ማሞቂያ ሲቆም ዓሣዬ በጎኑ ተጋደመ። ፍል ውሃ በጠርሙስ እየሞላሁ ገንዳው ውስጥ ስከት መዋል ነበረብኝ። ለዓሣ ብዬ ፈቃድ መጠየቅ አፈርኩና መሥሪያ ቤት ደውዬ፣ «ከጎባ የመጡ አክስቴ በጠና ታመውብኛል» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወጣቱ አለቃዬና አዛውንቱ ጥበቃችን ሐጂ ቃሲም በሽተኛዋን ሊጠይቁ መጥተዋል። ሐጂ ከላማቸው ያለቡትን ወተት ይዘዋል። ወተቱን ሳይ መዋሸት አቃተኝ።

«የት ተኝተዋል?» አሉ ሐጂ።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ገንዳ አሳየኋቸው። «ዋሽቻችኋለሁ፤ አክስት የለኝም። የታመመው እሱ ነው።»

አለቃዬ ፊቱ ጠቆረ። ሐጂ ግን ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«አካም ጂርቱ፣ እትዬ? አላህ ያሽርዎ!» ወደ አለቃዬ ዞሩ። «ምን ትገተራለህ? ጠይቃቸው እንጂ!»

አለቃዬ ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ይማርዎ፣ እትዬ» አለና እጁን ገንዳው ውስጥ ሰዶ ጠርሙሱን ዳሰሰ።

«ኧረ ይሄ ቀዝቅዟል! ውሃ ጣዱ!»