ሐዳሳ ዮፍታሄን፣ ዮፍታሄ ኢያኤልን

ብርሃነሽን በደንብ አላውቃትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ባለፈው ጥቅምት ለእሷ ልመሰክር ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ስለነበር ነው። ስለ ሰው ከመመስከር ዝም ማለት የሚቀለኝ ሰው ነኝ፤ እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም።

እኔ የማውቀው ኮፒ የምታስደርገውን ወረቀት ነው። ታቦር ሰፈር ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት የመማሪያ መጽሐፍ እየተዋሰች መጥታለች። ልጆቿ ስድስት ናቸው፤ የምታስደርገው ግን ሁልጊዜ አንድ ኮፒ ነው።

«አንድ ይበቃል?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«ለሐዳሳ ነው። ሐዳሳ ዮፍታሄን ታስተምራለች፣ ዮፍታሄ ኢያኤልን፣ ኢያኤል ናሆምን። እኔ የማስተምረው አንዷን ብቻ ነው።»

ሰፈሩ «ቲቸር» ይላታል። ድሮ አስተማሪ የነበረች ይመስለን ነበር። ነበርኩ ብላ አታውቅም፤ አልነበርኩምም አላለችም።

ልጆቹ ቤት የቀሩት በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሲከፈት ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ወዳለው ቡሹሎ ዘልቆ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ ባሏ በኃይሉ በሞያሌ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር፣ እሷ አንድ ሕፃን በጀርባ፣ አንድ በሆድ። «ለዘንድሮ ብቻ» ብላ ቤት ማስተማር ጀመረች። ዘንድሮ ከርሞን ጠራ፤ ወደ ታቦር ሲመለሱም እንደዚያው ቀጠለ።

አሁን ሐዳሳ አሥራ ሦስት ሞላት። ለስድስተኛ ክፍል ፈተና መመዝገብ አለባት፤ በእጇ ያለው ካርድ ግን የአንደኛ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረጻድቅ «በካርዱ ከሄድኩ ሁለተኛ ክፍል ነው የማስገባት» አሉ። ብርሃነሽ ደጋግማ ስትመላለስባቸው ትንሽ ለዘብ አሉና አንድ ቀጠሮ ሰጡ። ትልልቆቹ ሦስቱ አርብ ጠዋት ይፈተኑ፤ ቤት ሲማሩ መክረማቸውን የሚያውቅ የሰፈር ሰውም ይምጣ። ካለፉ ሁሉም በየደረጃቸው ይገባሉ። ካልሆነ ሐዳሳ ከትንንሾቹ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትቀመጣለች። ምዝገባውም የሚዘጋው በዚያው አርብ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

«ከናሆም ጋር አንድ ዴስክ ላይ ከምቀመጥ ሰው ቤት ተቀጥሬ ብሠራ ይሻለኛል ብላኛለች» አለችኝ ብርሃነሽ። «ታደርገዋለች፤ አውቃታለሁ።»

አርብ ጠዋት ስምንት ሆነን ባጃጅ አስቆምን። ሾፌሩ ቆጠረንና «እናት፣ ይሄ ባጃጅ እንጂ አይሱዙ አይደለም!» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሐዳሳ አልሳቀችም።

አቶ ገብረጻድቅ ሦስቱን በባዶ ክፍል ውስጥ አራርቀው አስቀመጡና አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጧቸው። ጥያቄው ከቀላል ተነስቶ እየከበደ የሚሄድ ነው፤ እስከቻሉት ይሠራሉ። እኛ በረንዳ ላይ ቆየን። ብርሃነሽ ትንሹን አልአዛርን አዝላ ወዲያና ወዲህ ትላለች። እኔ ከስልኬ ላይ ሰዓት አየሁ፤ ወዲያው መልሼ አየሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክፍሉ ተጠራን። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ርዕሰ መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ ከድነው አስቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ እነዚህ ልጆች ተኮራርጀዋል።»

«አልተኮራረጁም!» አለች ኢያኤል ከእናቷ ቀድማ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት ብርሃነሽ።

«ይመልከቱ። ስምንት ሲደመር አራት ሲባዛ በአምስት። ሦስቱም ስልሳ። ሃያ ሲቀነስ አራት ሲባዛ በሦስት። ሦስቱም አርባ ስምንት። ትክክለኛ መልስ ቢመሳሰል አይገርመኝም፤ ስህተት ሲመሳሰል ግን ኩረጃ ነው።»

«ስልሳ አይደለም እንዴ?» አለ ዮፍታሄ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ሐዳሳ።»

«አንቺንስ?»

«ዮፍታሄ። ሲያስተምር ይቆነጥጣል» አለች ኢያኤል።

አቶ ገብረጻድቅ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ጥሩ ትምህርት ቤት ነው! ዳይሬክተሩስ ማን ነው?»

«አባዬ። ግን ሞያሌ ነው» አለች ኢያኤል።

አቶ ገብረጻድቅ ወደ ሐዳሳ ዞሩ። «አንቺንስ ማን አስተማረሽ?»

ሐዳሳ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። እዚያ ያለው ሰዓት ለአምስት አሥር ጉዳይ ይላል።

«ልጄ፣ አስተማሪ ከሌለሽ ኮርጀሻል ማለት ነው።»

«እማዬ ናት» አለች በቀጭን ድምፅ።

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው ብርሃነሽን አዩዋት። «እርስዎ መምህርት ነበሩ ሲባል ሰምቼ ነበር። መጀመሪያ ማባዛት፣ ቀጥሎ መደመር፤ ይሄ እኮ አምስተኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ነው። አምስተኛ ክፍልን ያለፈ ሰው…»

አልጨረሱትም። ብርሃነሽ የአልአዛርን እግር አጥብቃ ይዛለች። ሐዳሳ ቀና ብላ እናቷን አየች። ልጅ እናቷን እንዲያ ስታይ አይቼ አላውቅም።

«ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «የአምስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ማለቴ ነው። ቸኩዬ ሁለት ሉክ አብሬ ገልጬ ይሆናል። ያ ገጽ… ሳይዘለል አይቀርም።»

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። ብዙ መጽሐፍ አንስቻለሁ፤ ገጽ ዘልዬም አውቃለሁ። ይህኛውን ግን አላስታውስም።

አቶ ገብረጻድቅ ጠመኔ አነሱና ሐዳሳን ብቻ ወደ ሰሌዳው ጠሩ። ሌሎቹን ልጆች ወደ በረንዳ አስወጧቸው። ሕጉን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነገሯት። ቀጥለው ዮፍታሄን አስገቡና ጠመኔውን ለእሷ ሰጧት።

«አስተምሪው። እኔ አልናገርም።»

ሐዳሳ ቁጥሮቹን ጻፈች፣ አጠፋች፣ መልሳ ጻፈች። ዞር ብላ ሰዓቱን አየች።

«ስማ። ባጃጅ ውስጥ ስምንት ሰው አለ።»

«እኛ» አለ ዮፍታሄ።

«አዎ፣ እኛ። ሌላ አራት ባጃጅ መጣ፤ እያንዳንዱ አምስት አምስት ሰው ይዟል። ሁላችን ስንት ነን?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሃያ… ሃያ ስምንት።»

«ስልሳ አይደለም?»

«ስልሳ ከየት ይመጣል!»

ኢያኤል ተጠራች። አሁን አስተማሪው ዮፍታሄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስትደናገር ጣቶቹ ወደ ክንዷ ሄዱ፤ ርዕሰ መምህሩን አየና መለሳቸው። «ሃያ ብርቱካን አለሽ። ለሦስት ልጆች አራት አራት ሰጠሽ።» ኢያኤል በጣቶቿ ቆጠረች። የእግሯን ጣት ሁሉ የምትቆጥር መሰለኝ።

«ስምንት ተረፈኝ» አለች፤ ማንም ሳያዛትም በሩ ላይ ወደቆመው ናሆም ሄደች። «ናሆሜ፣ ና ላሳይህ።»

አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። አቶ ገብረጻድቅ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስበው የስድስተኛ ክፍሉን መዝገብ አወጡ። «ስም ከነአያት» አሉ ሐዳሳን። ፈጥና ተናገረች፤ እስክሪብቶውን ሲያነሱ ደግማ ተናገረች።

ስንመለስ በእግር ነው። ልጆቹ እየተጯጯሁ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ሐዳሳ ግን አልፎ አልፎ ቆም ትልና ወደ እናቷ ዞራ ታያለች። ብርሃነሽ አንገቷን ደፍታ ትራመዳለች። ልተወው ብዬ ነበር። ነገር ግን ገጹን በእርግጥ ዘልዬው ከሆነ ያቺን ልጅ ላጠፋት የነበርኩት እኔ ነኝ። ካልዘለልኩት ደግሞ ገጹ እጃቸው ላይ ነበር፤ ሐዳሳን የሚያስረዳት ግን አልነበረም ማለት ነው። ሁለቱም አላስተኛኝ እንደሚል አወቅሁ።

«የሐዳሳ እናት» አልኳት፣ «ያ ገጽ እውነት ጎድሎ ነበር?»

አልአዛርን ከፍ አድርጋ አዘለችውና ነጠላዋን አጠበቀች።

«እሱን ይተዉት፣ ጋሽ ማቴዎስ» አለች።