በቀትር የተለካው ገጽ

ኢዲል ሂርሲ የሞተችው ባለፈው መጋቢት ነው። የሥራ መደቧ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ነበር። የመደቡ ስም ትክክል ነው፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ለሠራን ሰዎች ግን አይበቃንም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ፣ እንደነበረው፣ እጽፋለሁ።

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ማለት የማይሆንላት ልጅ ነበረች። የምንሠራው እዚያው ድሬ፣ ከዚራ የሚባል ሰፈር ባለ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ማሽኖቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሲበላሽ የሁሉም ተራ ይዛባል። እሷ ከመቀጠሯ በፊት ታካሚዎች ተራቸው መኖሩን የሚያውቁት ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ ተሰልፈው ነበር። ከከተማ ውጭ፣ ከሁርሶ የምትመጣው ታካሚያችን ሃሊሞ ስንት ጊዜ ተሰልፋ፣ ስንት ጊዜ «ዛሬ የለም» ተብላ፣ እግሯ አብጦ ተመልሳለች። ኢዲል ይህን አይታ አንድ ድረ ገጽ ሠራች፤ ታካሚው ዋዜማውን በስልኩ ከፍቶ የነገ ተራውን ያያል፣ ከሌለ ከቤቱ አይወጣም።

ገጹ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ግን «አይከፈትም» የሚል ስሞታ በዛ።

«ኢዲልዬ፣ ያንቺ ነገር እስኪከፈት እኔ ሩዝ ጥጄ፣ አብስዬ፣ በልቼ እጄን እታጠባለሁ» አለቻት ሃሊሞ፣ ክንዷ ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ።

«ወላሂ?»

«ወላሂ። ስጋም ቢሆን ይበስል ነበር፣ ግን ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግሩም ቀልድ አያበዛም። «በወሩ መጨረሻ ስብሰባ አለ። ገጹ የማይሠራ ከሆነ ተዘግቶ ወደ ሰልፉ እንመለሳለን» አለ። ሃሊሞ ይህን ስትሰማ ሳቋን አቆመች። «እኔ ያንን ሰልፍ ሁለተኛ አልችለውም» አለች።

ኢዲል ገጹን ለመለካት ተነሣች። በእጅ እየከፈቱ ሰዓት መያዝ አይታመንም፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ስለዚህ በነፃ የሚገኝ የኮድ ላይብረሪ አወረደች። ላይብረሪ የሚሉት ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምበት የተዉት የኮድ ስብስብ ነው። እሷ ያወረደችው፣ ሰው ሳይነካው፣ ራሱ ገጹን ይከፍታል፣ ጽሑፉና ፎቶው እስኪታይ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይይዛል፣ በየቀኑ በተባለው ሰዓት ይህንኑ ይደግማል። መልካም ሲሆን አረንጓዴ፣ መጥፎ ሲሆን ቀይ ያሳያል።

ሰዓቱን ከቀኑ ሰባት ላይ ሞላችው። ምክንያት ነበራት፤ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ነፃ የሚሆነው በቀትር ዕረፍት ብቻ ነው። ውጤቱ በየቀኑ አረንጓዴ ሆነ። አትማ ለአቶ ግሩም ሰጠችው።

«እንግዲያው ችግሩ የሰዉ ስልክ ነዋ!» አለ ደስ ብሎት።

እሷም አመነች። ለሃሊሞ ስትነግራት ሃሊሞ ስልኳን ገልብጣ አየችው፤ «ታዲያ ስልኬ ሆድ እንዲብሰኝ ብሎ ነው?» አለችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ስህተቷን ያገኘችው ባጃጅ ውስጥ ነው። አንድ ቀን በቀትር አክስቷ ታመው ወደ መጋላ ስትሄድ መንገዱ ባዶ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰዉ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል፣ ውሻም አይታይም። ሹፌሩ ሚክዳድ የሚባል ወሬኛ ነው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እንዴት ነው አነዳዴ? አውሮፕላን አይደለም?»

«ፈጥነሃል፣ ማሻአላህ።»

«አሁን ብትይኝ ጅቡቲም አደርስሻለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ግን ድልድዩን እንኳ እንዳትጠይቂኝ፤ እዚያው ተጋብተን እንወልዳለን።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠና «መልሰኝ» አለችው።

«ምን አጠፋሁ? ለቀልድ እኮ ነው!»

«አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። መልሰኝ።»

የለካችው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነበር። ድሬ ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ፣ ሁሉም ስልኩን አንስቶ፣ መስመሩ ሲጨናነቅ አልለካችም። ሃሊሞ ደግሞ ተራዋን የምታየው ያን ጊዜ ነው። አክስቷን ማታ ጠየቀቻቸው።

ፈተናውን ወደ አሥር ሰዓት አዛወረችው። ላይብረሪው ደካማ ስልክና ቀርፋፋ ኔትወርክ አስመስሎ እንዲከፍትም አዘዘችው። ገጹ እስኪከፈት አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ቀይ በቀይ ሆነ።

ስብሰባው ተቃርቦ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ገጹን የሚያድን፣ ይኼኛው የሚያስዘጋ ነው፤ ይህን የምናውቀው እሷና አንድ ክፍል የምንሠራው ብቻ ነን። ቀዩን ይዛ አቶ ግሩም ቢሮ ገባች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ያ አረንጓዴው ተሳስቷል፣ አቶ ግሩም። ሰው የሌለበትን ሰዓት ነው የለካሁት።»

«ይህንን አንቺው ራስሽ ታመጪልኛለሽ?»

«እርስዎ በነሃሊሞ ስልክ አሳበቡ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት።»

አቶ ግሩም ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። «ምኑ ነው የሚያከብደው?»

ኢዲል ወለሉን አየች። ከገጹ አናት ላይ ማዕከሉ የተመረቀበት ዕለት ፎቶ አለ፤ አቶ ግሩም መቀስ ይዞ ሪባን ሲቆርጥ። እንዲለጠፍ ያዘዘው እሱ ነው። ላይብረሪው ገጹ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ሲመዝን ፎቶው ብቻውን ከቀረው ገጽ ሁሉ ከብዶ ተገኘ።

«ፎቶው ነው» አለች።

«አውጪው እያልሽኝ ነው?»

«እኔ አላልኩም። ፈተናው ነው ያለው።»

ከዚያ አቶ ግሩም፣ አይቼው በማላውቀው ሁኔታ፣ ሳቀ። «በማሽን ላይ ይግባኝ የት ነው የሚባለው?» አለና እስከ ስብሰባው ዕለት ጊዜ ሰጣት።

ፎቶው ከገጹ ወጥቶ ታትሞ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እውነት ለመናገር እዚያ ያምርበታል። ኢዲል የቀረውንም አቀለለች፤ ታካሚው የራሱን ተራ ብቻ እንዲያይ አደረገች። በስብሰባው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ገጹ አረንጓዴ ሆነ፤ ሰልፉም አልተመለሰም። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። ማንም በገጹ ላይ አዲስ ነገር ሊጨምር ሲል ፈተናው አስቀድሞ እንዲካሄድ፣ ገጹን የሚያዘገይ ከሆነ እንዳይለጠፍ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ወዲህ አንዱ አለቃ ቪዲዮ፣ አንዱ የሚያብለጨልጭ የበዓል ካርድ ይዞ ሲመጣ በትሕትና ትቀበላለች፣ ታስገባለች፣ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። «እምቢ አለ» ትላለች፣ የእውነት አዝና። በአፏ መናገር ያልቻለችውን ቃል በኮድ ጻፈችው።

ለሞት ስላበቃት ሕመም ግን ለማንም አልተናገረችም። ይህን ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና ነው።

ለቅሶው፣ ተዕዚያው፣ መጋላ በአክስቷ ቤት ነበር። የማዕከሉ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መጣ፤ ሃሊሞ አልመጣችም። አንዳንዱ ታዘባት። በማግስቱ ከሁርሶ ደረሰች፣ አክስቲቱ እግር ሥር ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«ትናንት ተራዬ ነበር» አለቻቸው። «መርዶው ሲመጣ ስልኬን ከፈትኩ፤ ወዲያው አሳየኝ። ከተራዬ ቀርቼ ወደዚህ ልመጣ ነበር። ከዚያ፣ እሷ ያሳየችኝን ተራ ትቼ በየትኛው ፊቴ ለቅሶዋ ልሂድ? አልኩ።»

አክስቲቱ አለቀሱ። «ደግ አደረግሽ» አሏት። «ቀጣዩስ መቼ ነው?»

«ነገ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ አየዋለሁ» አለች ሃሊሞ።