ለልምምድ የተሰበረው እጄ

በጎ ፈቃደኛ መሆኔን የሰማሁት ከርዕሰ መምህራችን ነው። ኮሮና ጋብ ባለበት ዓመት አምቦ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ቢሮ አስጠርተውኝ፣ «ሰኞ የድንገተኛ አደጋ ነፍስ አድን ሥልጠና ይጀመራል። በጎ ፈቃደኛ ሆነሃል፤ እንዳትቀር» አሉኝ። ለምን እኔ ብዬ ብጠይቅ፣ «ሰኞ ክፍለ ጊዜ የሌለህ አንተ ነህ» አሉ። ለሰው ልጅ ያለኝ ፍቅር በዚህ መልክ ታወቀ።

ሥልጠናው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ማይክሮፎን የማያስፈልገው ድምፅ ነበረው፤ ማይክሮፎኑን ግን ከእጁ አይለቅም። መብራት ሲኖር ስለ ደም መፍሰስ በስላይድ እናያለን፤ ሲጠፋ ስለ ደም መፍሰስ በቃል እንሰማለን። ከጎኔ የምትቀመጠው ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት፤ ሲስተር እንላታለን። ሁለታችንም ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ ነን።

የመጨረሻው ቀን የተግባር ልምምድ ሆነ። ከጋራዥ ተጎትቶ የመጣ፣ ሞተር የሌለው ሚኒባስ ሜዳ ላይ ቆመ። «ተገልብጧል እንበል» አለ አሠልጣኙ። እኔ ቁስለኛ ሆንኩ። በቀይ ሥር ውሃ ሱሪዬን አቀለሙልኝና «ቀኝ እግር፣ ስብራት» የሚል ካርቶን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉ። «ወገኖቼ፣ ድረሱልኝ» እያልኩ እንዳቃስትም ታዘዝኩ። እግሩ ተሰብሮ «ወገኖቼ» የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ቢሆንም ታዛዥ ነኝ፣ አልኩ።

ጥላ ሥር የተቀመጡ የክብር እንግዶች ነበሩ፤ ስለዚህ የፎቶ ባለሙያም ነበረ። ባልደረቦቼ በቃሬዛ አንሥተውኝ ጥቂት እንደሄዱ ካሜራው ዞረባቸው። ከፊት የያዙት ቆመው ፈገግ አሉ፤ ከኋላ የያዙት ጉዟቸውን ቀጠሉ። እኔ በመካከል ተንሸራትቼ በግራ ክንዴ ድንጋይ ላይ ወደቅኩ። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ከልቤ ጮህኩ። አሠልጣኙም በማይክሮፎኑ፣ «ግሩም ነው፤ ሌሎቻችሁም እንደ መምህሩ ተውኑ» አለ። የክብር እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሠልጣኝ ጣውላ ይዞ ቀኝ እግሬ ላይ ተንበረከከ።

«እጄ ነው የተሰበረው» አልኩት።

ካርቶኑን አነበበና፣ «እግር ነው የሚለው» አለኝ።

«ካርቶኑን ተወው፤ እጄ ነው።»

«መምህር፣ አታሳስተኝ። እየታየሁ ነው።»

ጤነኛ እግሬን በትጋት አሰረው። እንዲያ ያማረ አስተሳሰር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሕመሙ ሲብስብኝ «ወገኖቼ»ንም አማርኛውንም ረሳሁና፣ «ወዮ፣ ሀርኪ ኮ ጨቤ» አልኩ፤ እጄ ተሰበረ ማለቴ ነው። ሲስተር ራሷን የሳተች ቁስለኛ ተሰጥታት ነበር። ቁስለኛዋን ጥላ መጣችና ፊቴን አየች።

«ይሄ ሰው እያላበው ነው» አለች። «በኦሮምኛ እንዲያቃስትም አልታዘዘም። በእውነት ተሰብሯል።»

ራሷን የሳተችው ቁስለኛ ለማየት ቀና ብላ ተቀመጠች። አንድ አምቡላንስ ከሜዳው ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ ግን ለፎቶ እንደመጣና ነዳጅ እንደሌለው ነገረን። በባጃጅ ሄድን። ጣውላ የታሰረው እግሬ አልታጠፍ ስላለ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ መንገደኛውን ሁሉ ገለል እያደረገ ነው የደረስነው። በድንጋጤዬና በሕመሜ መሃል ሲስተር ስትስቅ አየኋት፤ ተናደድኩባትና ትንሽ ቆይቼ እኔም ሳቅኩ።

ሆስፒታል ያገኘነው ወጣት ሐኪም በቀጥታ ወደ እግሬ ሄደ።

«እግሩ ጤነኛ ነው፤ እጁን እይለት» አለችው ሲስተር።

«ታዲያ ለምን ታሰረ?»

«ለሥልጠና።»

ሐኪሙ ሌላ ሳይጠይቅ ክንዴን አነሣ።

ጀሶ ታስሬ ቤቴ ስገባ እናቴ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ አስቸገረችኝ። አሠልጣኙም ደወለ። ስለ ጤንነቴ ሲጠይቅ ቆየና፣ «መምህር፣ ሪፖርቱ ላይ ልምምዱ ያለ አንዳች ጉዳት ተጠናቀቀ ብለናል። ቅር አይልህም አይደል?» አለኝ። ቅር እንደሚለኝ ነገርኩት። «እሺ፣ ለቀጣይ እናስተካክላለን» ብሎ ዘጋው።

ጀሶው ሳይፈታ ጉደር መውረጃ ላይ ገበያተኛ የጫነ አይሱዙ ተገለበጠ። ሲስተር ደውላ ጠራችኝ። በአንድ እጅ ሰው ማንሣት ስለማይቻል ካንዱ ወደ ሌላው እየሄድኩ የት እንደሚያማቸው መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸው ደምቶ፣ የከበባቸው ሰው ሁሉ ግንባራቸውን ይጠርጋል። ጎንበስ ብዬ፣ «ኦቦ፣ የት ነው የሚያምዎት?» ስላቸው ጎናቸውን እንደሚያማቸው በኦሮምኛ ነገሩኝ፤ መተንፈስ አቅቷቸዋል። ሲስተርን ጮኼ ጠራኋት። ቀድመው ከሚወሰዱት ጋር ላከቻቸው፤ ተረፉም።

ከወራት በኋላ ከሲስተር ጋር ገበያ ውስጥ አገኘናቸው። እሷን አቅፈው መረቋት። እኔን ግን አየት አደረጉና፣ «ሰው ሁሉ ሲሠራ ጥያቄ ብቻ ሲጠይቅ የነበረው ይሄ አይደለም?» አሏት።

«እሱ ነው፣ አባቴ» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ለእሷ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ሰጧት።