ጨለመ ማለት ጠፋ መስሎኝ

በመጀመሪያው ስልኬ ላይ ቀዩ ቁልፍ የት እንዳለ ጣቴ በራሱ ያውቅ ነበር። ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። ዓይኔ ከጨርቁ በላይ ሆኖ ጣቴ ከሥር መርፌውን ይቀበላል። ስልኩንም እንደዚያው ለምጄው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ እይዘዋለሁ፤ መዳፌ ውስጥ ትንሽ ይርገበገብና ይጨልማል፤ ጠፋ ማለት ነው። አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ልጄ ስልክ ጠጋኝ ነው። አራዳ ላይ ከአንድ ጫማ ቤት ጎን ጠባብ ሱቅ አለችው። አባቱ የሞተው እሱ ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከሰው እጅ ሳይጠብቅ ሠርቶ ሲበላ፣ ለእኔም ሲያካፍል ሳይ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ሕፃን ሳለ በየሳምንቱ አቆርበው ነበር፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ተወ። የእኩዮቹም ነገር እንዲሁ ነው። ጎረምሳ ሲሆኑ ከቁርባን ይሸሻሉ፤ ሲያገቡ ወይም ሲሸመግሉ ይመለሳሉ። እኔ ግን ሲመለስ በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጸለይሁ። ለእሱ አንድም ቀን አልተናገርሁም። ንግግር አይሆንልኝም።

አንድ ሰኔ አዲስ ስልክ ይዞልኝ መጣ። ፊቱ መስታወት ብቻ ነው። ከጎኑ ካለችው ቀጭን ቁልፍ በቀር የሚጫኑት ነገር አላየሁበትም።

«ቁልፎቹስ?» አልሁት።

«ውስጥ ናቸው፣ እማዬ። ስትፈልጊያቸው ይወጣሉ፤ ስትጨርሺ ይገባሉ።»

«እንደ አይጥ?»

ሳቀ። «እንደ አይጥ። አንቺ ድመት ሁኚባቸው።»

ከአሮጌው መለየት አልፈለግሁም። ነገር ግን ልጅ በላቡ ገዝቶ ያመጣውን አልፈልግም ለማለት አፌ አልደፈረም። ሲም ካርዴን በመቁረጫ አሳንሶ አዲሱ ውስጥ ከተተው። ከተቆረጠ ወዲያ ለአሮጌው አይሆንም። አሮጌውን ከትክል ድንጋይ ለመጣ ገበሬ ሸጠው።

አጠፋፉንም አሳየኝ። «ጎኑን ተጭነሽ ትይዣለሽ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ‹ይጥፋ› የሚል ይመጣል። እሱን በጣትሽ ትነኪያለሽ። ካልነካሽው አይጠፋም፤ ይተኛል እንጅ።» ሁለት ጊዜ አብሬው ሞከርሁ። በኋላ እጄ ላይ የቀረው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ጎኑን እጫነዋለሁ፤ ይጨልማል። ጨለመ ማለት ጠፋ ማለት መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጄ መጥቶ ከምጠልፍበት አጠገብ ተቀመጠ።

«አባ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለኝ። አባ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። «ቀኖና ሰጥተውኛል። እሱን ስትጨርስ በፍልሰታ ቁረብ ብለውኛል።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ደስታው ግን አላስቀምጥ አለኝና ለታናሽ እኅቴ በስልክ ነገርኋት፤ የሚቆርብበትን ቀንም ጭምር። ኮላ ድባ ትኖራለች። እኔ የተውሁትን ንግግር ሁሉ የወሰደች ሴት ናት። እልል ብላ ጆሮዬን አደነቆረችው።

ቀኑ ደረሰ። የፍልሰታ ቅዳሴ ቀትር ላይ ገብቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የሚወጣው። ልጄ ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። እኔም ከሴቶቹ ወገን ቆምሁ። ስልኩን ቤት መተው እችል ነበር። የያዝሁት ለእሱ ብዬ ነው፤ «ትይዥዋለሽ ወይስ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል?» እያለ ስለሚቀልድብኝ፣ መያዜን እንዲያይ። በሩ ላይ ጎኑን ተጫንሁት። ጨለመ። መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥሁት።

መጋረጃው ተከፈተ። መጀመሪያ ሕፃናቱ ተራ ያዙ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ወንዶቹ። ልጄን አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከፊቱ አምስት ወይም ስድስት ሰው ቢቀር ነው።

ያን ጊዜ መቀነቴ ጮኸ።

የእኔ መሆኑን ወዲያው አላመንሁም፤ አጥፍቼዋለሁና። በነጠላዬ ሥር ጣቴን ሰደድሁ። ጣቴ በመስታወቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። የሚይዘው ነገር የለም። አውጥቼ አየሁት። ቀይም አረንጓዴም ምልክት አለ፤ ስነካቸው ግን ይንቀሳቀሳሉ እንጅ አይጫኑም። ጨንቆኝ በሙሉ መዳፌ አፈንሁት። ጩኸቱ ቆመና በምትኩ፣ መዳፌ ድምፅ ማጉያውንም ነክቶት ኖሮ፣ የእኅቴ ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰማ።

«እትዬ! ልጃችን ቆረበ?»

አጠገቤ የቆሙት እማሆይ አማተቡ። «በስመ አብ! ምነው ልጄ፣ ዝም አሰኚው እንጅ!»

«ሃሎ? እትዬ? እኛ ዘንድማ ቅዳሴው ወጣ እኮ! እናንተ ጋ ገና ነው?»

«ገና ነው በሏት» አለች ከኋላዬ አንዲት ኮረዳ። ጓደኞቿ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሰው መካከል እየተጋፋሁ ወጣሁ። ደጅ ዝናብ ነው። ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠለልሁ። እኅቴ አሁንም ሃሎ ትላለች። የጀርባውን ክዳን በጥፍሬ ፈልቅቄ ባትሪውን ነቀልሁት። ክዳኑም ባትሪውም ከእጄ አምልጠው ጭቃ ላይ ወደቁ።

ቀና ስል ልጄ ከፊቴ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

በቅዳሴ መካከል የወጣ ሰው የዚያን ዕለት ተመልሶ አይቆርብም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ደግሞ ደም ግፊት አለብኝ። ከዚያ በፊት ባለው ፋሲካ ቅዳሜ ገበያ ላይ ወድቄ በሰው እጅ ነው ቤቴ የገባሁት። እናቱ ጎንበስ ብላ ስትሮጥ ያየ ልጅ ሌላ ምን ያስባል? ይህን የማስበው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ባዶ የቀረ ተራውን ብቻ ነው።

«ምነው ወጣህ?» አልሁት።

«ወድቀሽ መስሎኝ...»

«ብወድቅስ? የሚያነሣኝ ሰው ጠፍቶ ነው? ጌታ ፊት ቆመህ ወደ ሴት ወገን ታያለህ? ለማን ብለህ ነው የቆምኸው?»

ዝናቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ለአንቺ» አለ።

«ለእኔ ከሆነስ ቢቀር ይሻላል።»

በሕይወቴ ብዙ አልተናገርሁም። ከተናገርሁትም ሁሉ መልሼ ብውጠው የምወደው ይህን ነው። ልጁ እውነቱን ነገረኝ። ስንቱ ሰው በእናቱ እጅ ተይዞ ነው እግዚአብሔር ፊት የሚቆመው! እኔ ራሴ በማን እጅ ገባሁ? ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልመጣልኝም።

ልጄ ጎንበስ ብሎ ባትሪውንና ክዳኑን ከጭቃው ለቀመ። በነጠላው ጫፍ ጠረጋቸው፤ ለቁርባን ባጠብሁለት ነጠላ። ስልኩን ገጣጥሞ በእጄ አኖረልኝ። «ይሠራል» አለ። ሕፃናቱ አፋቸውን ሸፍነው መውጣት ሲጀምሩ መንገድ ለቀቅንላቸው። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ማታ ተመልሶ እንደ ወትሮው «ደኅና አመሸሽ?» አለኝ። እንደ ወትሮው ራት አቀረብሁለት። በማግሥቱም ቅዳሴ አለ፤ ቀኖናውን ፈጽሟል፤ መቁረብ ይችላል። «ዛሬ እንሂድ» ልለው በጠዋት አፌን ከፈትሁ፤ የትናንቱ ቃሌ አፌን ያዘው። እሱም ቀድሞ ወጣ። ቀትር ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሱቁ ደጅ እንዳላልፍ ብዬ በሌላ መንገድ ዞርሁ። ዓይኑን ማየት አፈርሁ። ራሱ ከፈለገ ይመጣል ብዬ ልቤን አጽናናሁት። አልመጣም። ፍልሰታው ወጣ።

እኅቴ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር። «ቆረበ?» ትላለች። «ይቆርባል» እላታለሁ። የደወለችው የቱ ሰዓት ላይ እንደነበር አልነገርኋትም። ምን አደረገች? ደስ ብሏት ነው።

ለአባ ስናዘዝ ስለ ስልኩ ነገርኋቸው። ከቅዳሴ መውጣቴን፣ ምእመናን ማወኬን፣ ዕቃውን ሳላውቀው ይዤ መግባቴን ተናገርሁ። ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙኝ።

«ልጅሽንስ ምን አልሽው?» አሉኝ።

ነገርኋቸው።

«የምትናዘዢው ታዲያ ስለ ስልኩ ነው ወይስ ስለ አፍሽ?»

የነጠላዬን ጥለት በጣቴ ዳበስሁ።

«ሂጅና ይቅር በለኝ በይው። የቀኖናሽ ስግደት ከዚያ በኋላ ነው።»

እናት ልጇን ይቅር በለኝ ስትል በአገራችን አላየሁም። ዛሬ ነገ እያልሁ ቆየሁ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሌላ ፍልሰታም መጣና ሄደ። ይቅርታ ሳልጠይቅ የሰገድሁትን ስግደት እኔው ለራሴ አልቆጥረውም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በቀትር ወደ ሱቁ ሄድሁ። አንድ ስልክ በትኖ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ይሟገቱታል።

«ቁልፍ ያለው የለህም?»

«አልቋል፣ አያ። ሰው ሁሉ አሁን ይህን ነው የሚይዘው።»

«ሰው ሁሉ! እኔን ቆጥረኸኛል?» መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ በእርፍ የደደረ ነው። «ይህ ጣት የሚያውቀው የሚጫነውን ነው። ያንተን መስታወት ስነካው የነካሁት አይመስለውም።»

«ሐሙስ ይመለሱ፤ አፈላልጋለሁ፣ አያ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሄዱ። ልጄ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ቁጭ ብል ደግሞ ተመልሼ የምነሣ አልመሰለኝምና ቆሜ ቀረሁ።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«ምን አድርገሽኝ?»

«ያን ጊዜ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም፤ እኔ ያልረሳሁትን እሱም አልረሳውም ነበር።

«ተቆጣሽ፤ አለቀ እኮ፣ እማዬ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «በማግሥቱ ግን ጠብቄሽ ነበር።»

«የት?»

«እዚሁ። ነጠላዬን በፌስታል ይዤ መጥቼ ለበስሁትና በሩ ላይ ቆምሁ። ሁልጊዜ በዚህ ነው የምታልፊው። ስታልፊ ‹ና› ትይኛለሽ ብዬ።»

«ምነው ራስህ አልመጣህ?»

«‹ለእኔ ከሆነስ ቢቀር ይሻላል› ብለሻላ። ለራሴ ብዬ ለመሄድ ደግሞ ገና ነበርሁ።» ይህን ሲለኝ ፈገግ አለ፤ እንዳላዝን ብሎ ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምሁ። ደንበኛ ሁሉ ‹ሰርግ አለብህ ወይ?› እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።»

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ውኃ አመጣልኝ። ይቅር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን የቀረ ቂም የለም፤ ስለዚህ ተመስገን። አምላክ ትሑት ልጅ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህም ተመስገን። ነገር ግን ያ ቀን አይመለስም። ልጄ ነጭ ለብሶ አንዲት ቃል ሲጠብቅ፣ እኔ በሌላ መንገድ እግዚአብሔርን ልለምን ሄጃለሁ፤ ያውም የምለምነው ስለ እሱ ነው።

እስካሁን አልቆረበም። «አሁንማ ሳገባ» ይለኛል። አልጫነውም። አሁን ስልኬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው። በየፍልሰታው በሱቁ ደጅ እያለፍሁ ቆም እልና «እንሂድ?» እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሥራ አለብኝ ይላል። አንዳንድ ቀን ሱቁን ይዘጋና ጥላዬን ይዞልኝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኘኛል። እዚያ ሲደርስ በሩን ይሳለማል፣ እኔን ጉልበቴን ይስመኛል፣ ይመለሳል። ገብቼ ቦታዬ ላይ ቆሜ፣ ወንዶቹ ተራ ሲይዙ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።