አባቴ ያዩት ሞራ

ሆዴ በዚያ ዘመን ጊዜ አይሰጠኝም ነበር። ከወልድያ መርሳ፣ ገበያ ሲደራም እስከ ውርጌሳ ሚኒባስ እነዳለሁ። ተሳፋሪው ጢም ብሎ እንደሞላ ድንገት ዳር ይዤ እቆምና አንድም ቃል ሳልናገር ወደ ማሽላው እሮጣለሁ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ደግሞ መሸሸጊያ የለም፤ ያኔ ቁልቋል ፍለጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተሳፋሪው ይስቅ ነበር። "ሹፌሩ ማሳውን ሊጎበኝ ወረደ" ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በኋላ ሲያዩኝ መሳቅ ተዉ፤ የፈራሁት ያኔ ነው።

ከስቼ ነበር። ቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ብበሳም ሱሪዬ አልያዝ አለ። የመናኸሪያ ሰው መቼም ዝም አይልም። አንዱ ኮሶ ጠጣ ይለኛል፤ አንዱ ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው ምንም ሳይል እኔ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ከራሱ ያርቃል። የሚስቴ መድኃኒት ቅቤ ነበር። ሽሮው ላይ ቅቤ፣ ገንፎው ላይ ቅቤ። "ሥጋህን ይመልስልሃል" ትላለች። በበላሁ ቁጥር ከእምብርቴ በታች በስተቀኝ አንድ ነገር ይጠማዘዝና እዚያው አጎንብሼ እቀራለሁ። እሷ ያልተነካውን ሳህን እያየች ታለቅሳለች፤ እኔ እጮህባታለሁ። ጉልበቴ ሁሉ ሲያልቅ ለመጮህ ብቻ አላነሰኝም።

ወልድያ ሐኪም ቤት መጀመሪያ የአንጀት ቲቢ ነው ተባልኩ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቲቢውና በኋላ የተገኘብኝ በሽታ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፣ በእኛ አገር ደግሞ የሚበዛው ቲቢው ነው። መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳላጓድል እስከ መጨረሻው ዋጥኩ። ሽንቴ ከመድኃኒቱ የተነሳ ቀላ፣ ሆዴ ግን ያው ሆዴ ነው። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሐኪም እንደገና አየችኝና "ይሄ ቲቢ አይመስለኝም። ደሴ ሂድ፣ አንጀትህ በካሜራ ይታይ። እንዳትዘገይ" ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። መንገዱ ክፍት የነበረበት ሰሞን ነው፤ ማሳበቢያ እንኳ አልነበረኝም።

ያልሄድኩት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ከመርሳ በላይ በሀብሩ ገጠር ያሉ ገበሬ ናቸው። የእሳቸው አባት ሞራ ገላጭ ነበሩ። በግ ታርዶ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ አንጀቱን የሸፈነውን ያን ስስ ስብ እንደ ነጠላ ወደ ብርሃን ዘርግተው ዝናቡን፣ ለቅሶውን፣ መንገዱን ያነቡ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ አገሩ ሞራውን ይዞ ወደ አባቴ መጣ። የንስሐ አባታችን በየዓመቱ ይቆጣሉ፤ አባቴም በየዓመቱ "አጥፍቻለሁ አባ" ይላሉ። በዓል ሲመጣ ደግሞ ሰው ሞራውን ይዞ ደጃቸው ላይ ይቆማል።

በዚያ ፋሲካ በጉን ራሳቸው አረዱ። ሞራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያዙት። እኔ ሹፌር ነኝ፣ አገር አይቻለሁ ባይ ነኝ፤ በሞራ ስቀልድ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከከንፈራቸው አልተነሳም። ሞት አለበት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር።

"ደህና ነው" አሉ። "አብሽር ልጄ። ሞትም የለበት፣ መንገድም የለበት። ክረምቱን ከቤትህ ነህ።"

እፎይ አልኩ። መርፌና ካሜራ የፈራ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ አይመራመርም። የሐኪሟን ወረቀት አጥፌ ከመኪናዬ የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ሻጥኩት። ሚስቴ "ደሴስ?" ስትለኝ "አባዬ መንገድ የለበትም ብለዋል" አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ አልደበቅሁም፣ ከፀሐይ መከላከያ ጀርባ ነው ያስቀመጥኩት።

ክረምቱ እኩል ሲሆን አንጀቴ ተዘጋ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ የጠጣሁት ውሃ ሳይቀር ይመለሳል፤ የሚመለሰው ደግሞ የሰው ትውከት አይሸትም ነበር። ጓደኛዬ በራሴው ሚኒባስ ይዞኝ ወደ ደሴ ነዳ። አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ውርጌሳ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል። እዚያ ቆመን የሆንኩትን ለጠላቴም አልመኝ። በሩን ከፍቼ ልውረድና ሜዳ ላይ ልሙት አልኩ። አባቴ "አብሽር፣ አብሽር" ይላሉ።

መንገዱ ተከፈተና ደረስን፤ ወዲያው ቀደዱኝ። ቀጥሎ የሆነውን እንደነቃሁ የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። ከበሽተኛ የተቆረጠውን ለምርመራ የሚያደርሰው ቤተሰቡ ነውና፣ ነርሷ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ለአባቴ ሰጠቻቸው። ውስጡ የእኔ አንጀት ነው። አባቴ በጋቢያቸው ሸፍነው ታቅፈውት ሄዱ። ኮሪደሩ መሃል ሲደርሱ ቆሙ። ጋቢውን ገለጡ። ዕቃውን በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ጓደኛዬ "ኑ እንሂድ አባ" ቢላቸው አልሰሙትም።

ስነቃ አባቴ አልጋዬ ግርጌ ነበሩ። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ በሽታው ክሮንስ እንደሚባል ነገረኝ። "የአንጀት ሴል ሁልጊዜ ይሞታል፣ ሌላ ይተካዋል" አለ። "ጤነኛ ሰው ላይ ሲሞት ጎረቤቱ አይሰማም። አንተ ላይ ግን ብዙው የሚሞተው እየፈነዳ ነው። ውስጡ ያለው ሲፈስ ሰውነትህ እሪታ የሰማ ይመስለውና የራሱን አንጀት ያቃጥላል። ከዚያ ስቡ ይመጣል።"

"ሞራው?" አሉ አባቴ።

"አዎ አባት፣ ሞራው። የቆሰለውን አንጀት ሊሸፍንለት ይወጣበታል፤ በቁስሉ ጀርም እንዳያመልጥ ነው። ሊረዳ መጥቶ ግን አይመለስም። እሱም ይቆጣል፣ ይደድራል፣ አንጀቱን ያጠበዋል። ስንከፍተው የታመመውን ቦታ ያወቅነው በሞራው ነው።"

የጎን አጥንቴን ዳሰስኩ። ፊቴ ላይ፣ መቀመጫዬ ላይ ስብ የሚባል አልቀረም፤ አንጀቴ ላይ ግን ተሰብስቦ ያንቀኝ ነበር። "ተቆርጦ ወጣ፤ አለቀ ማለት ነው?" አልኩት።

"አላለቀም። መድኃኒት ትወስዳለህ፤ ቢሆንም ሊመለስ ይችላል፣ ከተሰፋው አጠገብ። በተጻፈልህ ጊዜ መጥተህ ቢሆን ይህን ያህል ላንቆርጥ እንችል ነበር።"

ሐኪሙ ሲወጣ አባቴ ወለሉን ያያሉ። "አባዬ" አልኩ፣ "የፋሲካ ዕለት በበጉ ሞራ ላይ ምን አዩ?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"አላውቅበትም ልጄ። አባቴ ሳያሳየኝ ነው የሞተ። ሰው ሞራ ይዞ ደጄ ሲመጣ ፈርቶ ነው የሚመጣ። የፈራን ሰው ምን ይሉታል? ደህና ነው እለዋለሁ። ደህና ሲሆን ይመርቀኛል። ያልሆነ እንደሁ ለቅሶ ላይ ነው፣ ማን መጥቶ ይጠይቀኛል?"

ስፌቴ ባይይዘኝ ያን ክፍል በጩኸት አፈርሰው ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ "አብሽር" ባዶ። "ገደሉኝ እኮ አባዬ" አልኳቸው። ክፉ ቃል ነው፣ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም፤ እሳቸውም መልስልኝ አላሉም። ቀጥዬ "ያ ዕቃ ውስጥ የነበረውስ?" አልኩ።

"እሱን አየሁት" አሉ። "ሞራው እንደ ጣት፣ እንደ ጣት እየሆነ አንጀትህን ጨብጦታል።" ጡጫቸውን ጨብጠው አሳዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

ዘንድሮ ፋሲካ በጉን አርደው ሞራውን ሳያዩ ለውሻ ጣሉት። ጎረቤት እንደ ልማዱ የራሱን ይዞ መጣ። ሚስቱ ልትወልድ ነው። አባቴ ቀና ሳይሉ "አላውቅበትም። ሐኪም ጠይቅ" አሉት። ሰውዬው የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ሞራው እጁ ላይ እስኪደርቅ ቆመ፤ በመጨረሻም ሄደ።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ከሁዳዴ ጀምሮ ሕመሙ ተመልሷል፣ ቦታው ከጠባሳው ሥር ነው። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ነው የተመለሰብኝ። አሁን አልዘገየሁም፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ግን የሚባለውን አውቀዋለሁ። እንደገና ይቆረጣል። አንጀት ደግሞ እንደ ጎመን ተቆርጦ አያቆጠቁጥም፤ አንድ ቀን የሚቆረጥ ያልቃል። ለሚስቴ ገና አልነገርኳትም።

"አባዬ" አልኩ፣ "ሕመሙ ተመልሷል። አንድ ጊዜ ይበሉልኝ።"

"ምን ልበል?"

"ደህና ነው ይበሉኝ። እንደማያውቁ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ይበሉኝ ብቻ።"

አፋቸውን ከፈቱ። እንደ ልጅ ጠበቅኋቸው። እጃቸውን በሸሚዜ ሥር አግብተው ጠባሳው ላይ አሳረፉት፤ በግ ያረዱበት እጅ ነው፣ ገና ሞራ ሞራ ይሸታል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከዚያ አላነሱትም። ደህና ነው ግን አላሉኝም።